የትራም ነጂው ሁለተኛ ዙር

«በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሁን?» አለ የቀብር አስፈጻሚው፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ ቅጹ ላይ አሳርፎ።

ሱኒቫ በአባቷ የማእድ ቤት ጠረጴዛ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ሰውየው ዳግፊን ይባላል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በግራጫ ካልሲ ነው የገባው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከአፉ ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ያስታምመዋል። ስለ ሣጥኑ እንጨት ጠይቋት መልሳለታለች። ስለ አበባው ጠይቋት «እናንተ እንደመሰላችሁ» ብላዋለች። እዚህ ላይ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። መስኮቱ ላይ የመጋቢት በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ይወርዳል። ከታች፣ ወደ ሊያን ኮረብታ የሚወጣው ትራም መታጠፊያው ላይ ሲያፏጭ ተሰማ።

«በየትኛውም አይሁን» አለች በመጨረሻ። «አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም። እኔ ሳልወለድ ነው ከአባላት መዝገብ ስሙን ያሰረዘው። መቃብሩ ግቢ ያለው አዳራሽ ይበቃል።»

ዳግፊን ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልጻፈም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያረፉት እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ነው የጠየቅኩት።»

«የት እንደሞተ አውቃለሁ።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ሻከረ። ሰውየው ዓይኑን ወደ ቅጹ መለሰና «አዳራሹ» ብሎ ጻፈ። ቀኑን የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ አደረጉት። ሲወጣ ጫማውን ለማሰር አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

አባቷን ያገኙት ቅዳሜ ነበር። ትሮንድሄይም መሐል ከተማ ያለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ በሯ ክፍት ነው፤ ማደሪያ የሌላቸው ገብተው ይሞቃሉ፣ በጎ ፈቃደኞች ቡና ይቀዱላቸዋል። አባቷ ቶርላይቭ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ያንቀላፋ ነው የመሰላቸው። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ሰማንያ ዓመት የሆነው ሰው ቢያንቀላፋ ማን ይገረማል? ስልኩ ኦስሎ ድረስ ለሱኒቫ ሲደወል ልብስ እያጠበች ነበር። በባቡር ሰባት ሰዓት ስትጓዝ አላለቀሰችም። መስኮቱን እያየች አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ታስብ ነበር፦ ከቤተ ክርስቲያን ሁሉ ለምን እዚያ?

ያገባችው እዚያ ነውና።

ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። አባቷ ያን ቀን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ክንዷን ይዞ ከታክሲ አወረዳት። ደረጃውን አብረው ወጡ። በሩ ተከፈተ፤ ኦርጋኑ ጀመረ፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ዞረ። ያኔ አባቷ ክንዱን ከክንዷ ቀስ አድርጎ አወጣ።

«ከዚህ አላልፍም ልጄ» አላት።

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ላብ አጥምቆታል።

«አባዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

«አያለሁ። አልችልም።»

ብቻዋን ገባች። ሰው ሁሉ እሷን ትቶ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ቦታ ያይ ነበር። ፎቶው ላይ የሙሽራዋ ዓይን ቀልቷል፤ ዘመዶች የደስታ ነው አሉ። ትዳሩ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ ቂሙ ግን ከትዳሩ ረዘመ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቃው አታውቅም። አንዴ እናቷን ማግንሂልን ጠይቃ ነበር። እናቷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞራ «የራሱ ምክንያት አለው፤ ተዪው» አለቻትና የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበች።

ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የቀረው የእሑድ ስልክ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ስለ አየሩ ያወራሉ፤ አርባ ዓመት የነዳው ትራም አዲስ ወንበር እንደተገጠመለት ይነግራታል፤ «ዛሬ ላዴ ድረስ ሄድኩ» ይላል፤ «እግር ማፍታታት ጥሩ ነው» ትለዋለች። አሥር ደቂቃ አይሞላም። እናቷ ከሞተች በኋላ በነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት እንዲህ ነው የተነጋገሩት።

ረቡዕ ወይዘሮ ቦርግሂል መጡ። ሁለት ፎቅ ወረድ ብለው የሚኖሩ የሰማንያ ሦስት ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ፔርሙስ፣ በሌላው ሄል የገባበት ጥምዝ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ቡናውን ራሳቸው ቀዱ፤ የስኳሩን ዕቃ ከየት እንደሚያወጡ ያውቃሉ። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው ባይኖርም በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺን ቦርሳውን አንግቶ አውቶቡስ ይይዛል» አሉ። «ትራም ነጂ በአውቶቡስ! ‹ከዳህ እንዴ?› እለው ነበር። ‹የት ነው እንዲህ የምትዞረው፣ ሴት አገኘህ?› ስለው ‹ድንጋይ ላነብ ነው የምሄደው ቦርግሂል› ይለኛል።»

«የምን ድንጋይ?»

«የመቃብር ነዋ። በዚህ አካባቢ ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አልቀረውም። ግቢውን ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ወደ ውስጥ እንኳ አይገባም።»

ሱኒቫ ዳቦውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ አስተዋሏት።

«እናትሽ አልነገረችሽም ማለት ነው» አሉ።

«ምኑን?»

ቦርግሂል ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ከዚያ የነገሯት ረጅም አልነበረም። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሳቸውም ቶርላይቭና ማግንሂልም ለዚህ ሕንፃ አዲስ ተከራዮች በነበሩበት ዓመት፣ የእንጨት ሕፃን አልጋ በደረጃው ሲወጣ አይተዋል፤ ሁለቱ ወጣቶች በመታጠፊያው ላይ እየተሳሳቁ ነበር ያወጡት። የካቲት ላይ ማግንሂል ሆስፒታል ገባች። በአምስተኛው ቀን ባዶ እጇን ተመለሰች። አልጋው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ወጣ።

«ለአንቺ» አሉ ቦርግሂል። «ያቺ ግን ሴት እንደነበረች ብቻ ነው የማውቀው። ሞታ ነው የተወለደችው። ያን ጊዜ ለእናት አያሳዩም ነበር ልጄ፤ ጠቅልለው ይወስዱታል። የት እንዳደረጉት አይናገሩም። አባትሽ ሲጠይቅ ‹ቤትህ ግባ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ› አሉት። ቄሱ ጋ ሄደ። ቄሱም ያልተጠመቀ ሕፃን ሥርዓት አያስፈልገውም አለው። በማግሥቱ ነው ከቤተ ክርስቲያን ስሙን ያሰረዘው። የት እንዳስቀመጧት ሳላውቅ ደፋቸውን አልረግጥም ብሎ ማለ።»

ቦርግሂል ሲወጡ ፔርሙሱን ትተውላት ሄዱ። የቀረውን ቡና እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልነካችውም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለወላጆቼ አንድ ልጅ ነኝ ስትል ኖራለች።

በማግሥቱ ከሆስፒታል በፕላስቲክ ከረጢት የመጣውን ካፖርት ለማጠፍ ስታነሣ፣ ከውስጥ ኪሱ አሮጌ የኪስ ማስታወሻ አገኘች። የአባቷ ጽሕፈት ነው፤ እንደ ትራም ሰሌዳ ቀጥ ያለ፣ ከነሰዓቱ።

«ላዴ። 4፡12 ደረስኩ። አሥራ አንድ ድንጋይ። የለችም።»

«ባከ። ዝናብ። ሁለት ድንጋይ። የለችም።»

«ቢነሴት። አውቶቡሱ ስድስት ደቂቃ ዘገየ፤ ነጂው ወጣት ነው። ስምንት ድንጋይ። የለችም።»

ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሦስትና አራት ጊዜ ተመዝግቧል። አሥር ዓመት የሚሆን «የለችም»። ስለ በሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ከየቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዦች ጋር ውጭ ቆሞ ስለተነጋገረው አለ፤ ስለ ውስጡ አንዲት ቃል የለም። ወደ መጨረሻው፣ ባለፈው መስከረም ላይ፣ ጽሕፈቱ ይለወጣል።

«ስኮግነስ። አለች። ገባሁ።»

ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ያያቸውን ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ዞሯቸዋል።

«ላዴ። ገባሁ። ግንቡ ከውስጥ ነጭ ነው። አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።»

«ቢነሴት። ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሰባት እባብ ከሰውነቱ የሚወጣ ሰው ተሥሏል። ያንን የድሮ ትኬት ተቆጣጣሪያችንን ቁርጥ።»

«ባከ። ገባሁ። ስምንት ማዕዘን ነው። ዞሬ ዞሬ የተነሣሁበት ወንበር ላይ ደረስኩ።»

«ኒዳሮስ። ገባሁ። ትልቅ ነው፣ ሰው ይጠፋበታል። ኦርጋን የሚለማመድ ነበር። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ይደግማል። ጥሩ ሰው።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ አለ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ ያው ነው፦ «እመቤታችን። በሩ ድረስ።» ለቅዳሜ የተጻፈ የለም።

ሱኒቫ ኦስሎ ውስጥ ከመንገድ ሥር ያለውን የውኃ ቧንቧ ካርታ በመሣል ነው የምትተዳደረው። የተቀበረ ነገር የት እንዳለ ማወቅ ሙያዋ ነው። ማስታወሻውን ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ በመስከረም አባቷ የደወለላትን አስታወሰች። ደዋይዋ ሁልጊዜ እሷ ስለነበረች ስልኩ ሲጮኽ ደንግጣ ነበር። «አንድ የማሳይሽ ቦታ አለ» አላት። «በረዶ ሳይጥል ብትመጪ።» ሥራ እንደበዛባት ነገረችው፤ ለገና እመጣለሁ አለችው። በገና ታመመች። «እንግዲህ ለፋሲካ» አላት፤ «ቦታው የትም አይሄድ።» ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ይዛ ወደ ወደቡ ወረደች፤ መኪና የምታሻግረው መርከብ ላይ ወጥታ ባሕሩን ተሻገረች። ከእሷ በቀር ላይኛው ወለል ላይ ሰው አልነበረም። ስኮግነስ ላይ ያወረዳት ሁለተኛው አውቶቡስ ነጂ «የምትመለሽበት 9፡40 ላይ ነው፤ ካመለጠሽ ማደርሽ ነው» ብሏት ሄደ።

ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናት፤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በወፍራም ድንጋይ የተሠራች፣ መስኮቷ ጠባብ፣ የጣሪያዋ ዝግባ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የሚያገኛት ቀድሞ ነው። የጎማ ቦቲ የተጫማች ስድሳ ዓመት የምትሆን ሴት በረዶ ከመንገዱ ላይ ትጠርጋለች። ሱኒቫን አየቻትና አካፋዋን ተደገፈች።

«የትራሙ ሰውዬ ልጅ ነሽ» አለች። «አፍንጫሽ ተናገረ።»

ሄርዲስ ትባላለች፤ የቤተ ክርስቲያኗን ቁልፍ ከያዘች ሃያ ዓመቷ ነው። መሞቱን ከሱኒቫ ስትሰማ ጓንቷን አወለቀች። ወደ ግንቡ አጥር ወስዳ አንድ ዝቅ ያለ ድንጋይ አሳየቻት። የድንጋይ ሽበት ከፊደሎቹ ላይ ተፍቆ ጠርቷል። «ኡላቫ ሃውገን፣ ባልቴት» ይላል፤ የሞተችበት ቀን በዚያ የካቲት ውስጥ ነው።

የሆነውን ሄርዲስ ቆማ ነገረቻት። ኡላቫ ልጅ ያልነበራት አሮጊት ነበረች። ከተማው ሆስፒታል ሄዳ ሞተች፤ ሬሳዋ በጀልባ ወደ አገሯ ተመለሰ። ቶርላይቭ ያን ሳምንት የሞቱ ሰዎችን ድንጋይ እየፈለገ ነበር በየግቢው የሚዞረው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ከማያውቁት ሰው ሣጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጧቸው አንዲት ጡረተኛ ነርስ ነግራው ነበርና። መጀመሪያ ሲመጣ ሄርዲስ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ አየችለት፤ የኡላቫ ስም ብቻ ነው ያለው። አመስግኖ ሄደ። በሁለተኛው «የቆፈረው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቃት። የባሏ አባት ነበር የቆፈረው፤ ሞቷል፤ ደብተሮቹ ግን ጎተራ ውስጥ ናቸው። ሁለት ሳምንት ስትፈልግ ቆየች።

«ሦስተኛ ሲመጣ እዚህች ቆመን አነበብኩለት» አለች። «በእርሳስ ነው የተጻፈው። ‹ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት ሕፃን። ጀልባ ነጂው ነው የነገረኝ። ሥርዓት አልተደረገላትም። እኔ አባታችን ሆይ ደገምኩላት።› ይላል።»

ነፋሱ ጸጥ ሲል የባሕሩ ድንጋዮች ሲንኳኩ ይሰማል።

«አባትሽ እንደገና አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። ‹ሰው ደግሞላታል ማለት ነው› አለ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ‹እንግዲያው ልግባ› አለኝ። ከፈትኩለት። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ቆዳው ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ በርዶት ወጣ፤ ቤቴ ወስጄ የዓሣ ሾርባ አጠጣሁት። ሁለት ሳህን ጨረሰ።»

ሱኒቫ ድንጋዩን እያየች «እዚህ ላምጣው?» አለች። «ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ልጠይቅሽ፤ እናትሽ የት ናቸው?»

«ከተማ።»

«ብቻቸውን?»

«ጎኗ የአባቴ ቦታ አለ።»

ሄርዲስ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። «ይቺ ኡላቫ አለቻት» አለች። «ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ናቸው። ብቸኛዋ እናትሽ ናቸው።»

9፡40 ላይ አውቶቡሱ መጣ። ሱኒቫ መርከቧ ላይ ቆማ ኋላዋን አየች፤ ነጭ ግንቡ ከበረዶው ጋር ወዲያው ተቀላቀለ። እህቷን እንደጎበኘች ገባት። የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ስልኳን አውጥታ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አየችና መልሳ ከተተችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የቆመው ትልልቅ እጅ ያለው፣ ፊቱ ላይ አሮጌ ጠባሳ ያለበት ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ የአባቷን ኮፍያ በሁለት እጁ እንደ ሳህን ይዞታል።

«ሮአር እባላለሁ» አለ። «እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ቡና እቀዳለሁ። ድሮ ይቀዳልኝ ነበር፤ አራት ዓመቴ ነው መጠጥ ካቆምኩ። ኮፍያቸው ወንበር ሥር ወድቆ ቀርቶ ነበር።»

አስገባችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቡና ስትቀዳለት ሳቀ፤ ሰው ሲቀዳልኝ ግር ይለኛል አለ። ስለ መጨረሻው ቀን ልትጠይቀው አልፈለገችም፤ እሱ ግን ሊናገር ነው የመጣው።

«ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላይ ይቆሙ ነበር» አለ። «‹ግቡ እንጂ አባት፣ ብርድ ነው› እላለሁ። ‹ዛሬ አይደለም› ይሉኛል። ሰክረውም አይደለም፣ እኔ አውቃለሁ ሰካራም። ቅዳሜ ግን ጥቁር ሱፍ ለብሰው መጡ። ፀጉራቸው እርጥብ ነበር። በሩ ላይ ቆሙና ቀኝ ክንዳቸውን እንዲህ አጠፉ።»

ሮአር ተነሥቶ አሳያት። ክርኑን አጥፎ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ፤ ክንዱና ጎኑ መካከል የሌላ ሰው እጅ የሚገባበት ክፍተት ተወ።

«እንደዚህ አድርገው በመሐሉ መንገድ እስከ መሠዊያው ሄዱ። ቀስ ብለው፤ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። ወደ ቀኛቸው እያዩ። ክንዳቸውን ያመማቸው መስሎኝ ልረዳቸው ነበር፤ ግን ፊታቸው... እኔ እንጃ። ተውኳቸው። መሠዊያው ጋ ሲደርሱ ክንዳቸውን ለቀቁ፤ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ከፊት ተቀመጡ። ቡና ላምጣ ስላቸው ‹ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ› አሉኝ።»

ሱኒቫ ጠረጴዛውን ያዘች። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይመስል ነበር። ሮአር ደንግጦ ያጠፋው ነገር ካለ ይቅርታ ጠየቃት። ምንም አላጠፋህም ልትለው ፈልጋ አልቻለችም። በሳምንቱ ውስጥ ያልመጣው ልቅሶ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ ተነሥቶ ስኒዎቹን አጠበ። ሁለት ስኒ ነበር፤ ረጅም ጊዜ አጠባቸው።

ሰኞ ጠዋት ለዳግፊን ደወለች። «አዳራሹ ይቅር፤ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ይሁን» አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። የሐዘን ማስታወቂያውን ለጋዜጣ እንዲልክ የአባቷን ስም፣ ዕድሜውንና ሥራውን ነገረችው። «ሌላ የሚጨመር አለ?» ሲላት አሰበች። «ቤተ ክርስቲያን መጎብኘት ይወድ ነበር በል» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሰው ይመጣል ብላ ያሰበችው አምስት ነው፦ እትዬ ቦርግሂል፣ ሮአር፣ ሁለት አሮጌ ትራም ነጂዎች፣ ምናልባት ሄርዲስ። የአባቷ ሣጥን መሠዊያው ፊት ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ገባች፤ መሐሉን መንገድ ብቻዋን ሄደች፤ የሚጠብቃት ግን ፊት ለፊቷ ነበር። ከፊት ስትቀመጥ ከኋላዋ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማታል፤ ደጋግሞ ይከፈታል። ዞራ አየች። የማታውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ፣ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ጃኬታቸው የሥራ ጃኬት ነው። አንዱ ወገቡ ላይ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ አለው፤ ሲቀመጥ ተንኳኳና በእጁ አፈነው። ከላዴ፣ ከባከ፣ ከቢነሴት፣ ስማቸውን ማስታወሻው ላይ ብቻ ካየቻቸው ሌሎች መንደሮች የመጡ ናቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ከእናቷ ጎን ቀበሩት። መሬቱ ገና በረዶ ስለነበረ አፈሩ በጓል በጓሉ ነበር የወረደው።

ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ውስጥ ሮአር ቡና ቀዳ፤ ቦርግሂል ሄል የገባበት ዳቦ ደርድረዋል። ቁልፍ ያዦቹ መጀመሪያ ተራርቀው ቆሙ፤ ከዚያ አንዱ ስለ አባቷ አንድ ነገር ሲጀምር ሌላው ይቀጥልለት ጀመር። ለአንዱ የተበላሸ የግቢ በር አስተካክሎለታል። አንዲቷ የአውቶቡስ ሰዓት ማወቅ ስትፈልግ ለድርጅቱ መደወል ትታ እሱን ትጠይቅ ነበር። የቢነሴቱ ሰውዬ፣ አባቷ እዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ምን እንዳለ ሲናገር አሮጌዎቹ ትራም ነጂዎች ተቆጣጣሪውን አውቀውት በሳቅ ፈነዱ። ክፍሉ ሞቀ። ሱኒቫ ስኒዋን ይዛ ግድግዳው አጠገብ ቆማ ነበር፤ አባቷ በእሑድ ስልክ ያልነገራት ሕይወት በሌሎች አፍ ሲያልፍ ትሰማለች።

የላዴው ሃልቮር በዱላው እየተደገፈ መጣ። ከሁሉም አሮጌ እሱ ነው፤ ጆሮው ውስጥ ያለው መስሚያ ሲር ይላል። እጇን ይዞ አልለቅ አለ።

«ጥሩ ሰው ነበር» አለ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ። «ዝም ይላል እንጂ ጥሩ ሰው ነበር። ቆይ፣ ስንት ልጆች ነበሩት?»

ሱኒቫ መለሰችለት። ሃልቮር አልሰማም፤ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ክፍሉ ውስጥ ይስቃሉ፤ ስኒ ይንኳኳል።

ስኒዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። እጇን አነሣችና፣ በደንብ እንዲያየው ፊቱ ድረስ አቅርባ፣ ሁለት ጣቷን አሳየችው።